እባካችሁ ውሻውን አትላጩት

የዚህ ወር ጨዋታችን ስለ ፀጉር ነው። የእኔና የእናንተ ፀጉር ግን አይደለም፤ የውሻ ነው።

ዕቃን በፎቶ መሸጥ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡችላ የሚሸጡ ሰዎች የሚለጥፉትን ፎቶ ሳይ እንደ ሙያ ጓደኛ አደንቃቸዋለሁ። የሁለት ወር ቡችላ፣ ፀጉሩ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቡፍ ያለ፣ ከኋላው አረንጓዴ ሣር፣ አጠገቡ የሕፃን ልጅ እጅ። ከሥሩ «ኦርጅናል፣ ባለ ረጅም ፀጉር ጀርመን ሼፐርድ» ይላል። በፎቶው ውስጥ ማበጠሪያ የለም፤ ጭቃ የለም፤ መዥገርም የለም። ቢዝነስ ስንማር «የባለቤትነት ጠቅላላ ወጪ» የሚባል ነገር ነበር። መኪናው የተገዛበት ዋጋ ሌላ ነው፣ እስኪሸጥ ድረስ የሚበላው ሌላ። ረጅም ፀጉር ያለው ውሻም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ከሚበላው ውስጥ ትልቁ ብር ሳይሆን ጊዜ መሆኑ ነው።

ይህን ጉዳይ ያነሣሁት በእህቴ ቤት ምክንያት ነው። እህቴና ባለቤቷ የሚኖሩት ወረታ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈስሱ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ያ ውኃ ነው ፎገራን የሩዝ አገር ያደረጋት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው እዚያው ወረታ ነው። ያ ውኃ ሲሸሽ ደግሞ ጭቃ፣ ቀጥሎ ሣር፣ ቀጥሎ ጭጎጎት፣ በመጨረሻም አቧራ ይተካል። ለከብቱ ጥሩ ነው። የፎገራ ከብት እርጥቡን መሬትም ዝንቡንም የለመደ ነው። ለረጅም ፀጉር ግን ከዚህ የበለጠ ፈተና የሚሆን አገር ማሰብ ይከብደኛል።

የእህቴ ባል ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ አንድ ባለ ረጅም ፀጉር ሼፐርድ አመጣ። ልጆቹ ጎፈሬ ብለው ስም አወጡለት። ባለፈው ሚያዝያ ደወለልኝና «እህት ዓለም፣ ውሻው በሙቀት ሊሞትብን ነው፤ ምላሱ ከአፉ አልገባ ብሏል፤ ፀጉር ቤት ያለው ልጅ በማሽን ልላጭልህ ብሎኛል፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ላጨው ብሎታል። እኔም የእንስሳት ሐኪም የሆነች ጓደኛዬን ጠየቅኋት። የሰጠችኝ መልስ አጭር ነበር፤ አትላጩት። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ስታስረዳኝ አንድ ሰዓት ፈጀን።

የእነዚህ ውሾች ፀጉር ድርብ ነው። የላይኛው ረጅምና ጠንከር ያለ ነው፤ የታችኛው አጭር፣ ለስላሳና እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀ። የፎገራ እረኛ በክረምት ምን እንደሚለብስ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እረኛው ከላይ ገሳ፣ ከሥር ጋቢ ያደርጋል። ዝናቡ በገሳው ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ጋቢው ገላውን ያሞቃል። ውሻው ሁለቱንም ተወልዶ ነው የለበሳቸው። የሚገርመው ሙቀት ሲመጣ የውስጡን ጋቢ ራሱ ማውለቁ ነው። ምንጣፋችሁ ላይ፣ ሶፋችሁ ላይ፣ ጥቁር ሱሪያችሁ ላይ የምታገኙት ያ የወለቀው ጋቢ ነው። የላይኛው ገሳ ግን በበጋም ሥራ አለው፤ ፀሐይ ቆዳውን እንዳታገኘው ጥላ ይሆናል።

ውሻ እንደ እኛ በመላ ገላው አያልብም። ከመዳፉ ሥር ጥቂት ላብ ይወጣዋል፤ ዋናው ማቀዝቀዣው ግን ማለክለክ ነው። ስለዚህ ፀጉሩን መላጨት እኛ ካፖርት ስናወልቅ የሚሰማንን ያህል እፎይታ አይሰጠውም። ማሽኑ ገሳውንም ጋቢውንም እኩል ያነሣዋል። ከዚያ ቶሎ የሚያድገው ጋቢው ነው፤ ገሳው ወደኋላ ይቀራል። ከወራት በኋላ የምታዩት ውሻ ቦታ ቦታው ላይ የተመለጠ ወይም ሙቀት የሚይዘው ፀጉር ብቻ በቅሎበት ጥላው የጠፋበት ሊሆን ይችላል። የተራቆተው ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል። ሐኪም ለቁስል፣ ለቀዶ ጥገና ወይም ተፈትቶ ለማያልቅ ቋጠሮ ሲላጭ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ሕክምና ነው።

ለጎፈሬ የተደረገለት ምን መሰላችሁ? ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የነበረው ቤቱ ወደ ማንጎው ዛፍ ጥላ ተዛወረ። የመጠጫው ውኃ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀየርለት ጀመር። ሽርሽሩ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊትና ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን የወለቀው ጋቢ ከውስጡ በማበጠሪያ ወጣለት። በመጀመሪያው ቀን የወጣው ፀጉር አንድ የገበያ ፌስታል ሞላ። ፎቶውን ልከውልኝ ሌላ ውሻ የተላጨ መስሎኝ ነበር። (ውሻችሁ ጥላ ውስጥ ገብቶም ማለክለኩን ካላቆመ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰ ግን የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሳችሁበት በቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።)

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ውሻ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደ ተፈጠረ ማወቅ ለማበጠርም ይረዳልና። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን መኮንን ሆራንድ የተባለ ውሻ ገዝቶ የዝርያውን ማኅበር መሠረተ። ዝርያው የወጣው ከበግ ጠባቂዎች ውሾች ነው። ሥራቸው በጎችን እየነከሱ መንዳት ብቻ አልነበረም። አጥር በሌለው የእርሻ አገር በጎቹ የሚግጡበትን መሬት ዳር ይዘው ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ መንጋው ሰብል ውስጥ እንዳይገባ አጥር ይሆኑ ነበር። ፎገራ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ልጅ ነው። የሩዙ ማሳ አጥር የለውም፤ ዱላ የያዘ እረኛ ከብቱን ሲመልስ ይውላል። የእኛ አገር ውሻ ግቢና በረት ይጠብቃል እንጂ መንጋ አይነዳም። ስለዚህ ጎፈሬ ከቤት ሲለቀቅ በማንም ሳይታዘዝ የጎረቤቱን ጥጆች በአንድ ጥግ ሰብስቦ ሲያቆማቸው ባለቤቶቹ ሊነክሳቸው መስሏቸው ድንጋይ አነሡበት። ውሻው የአያቶቹን ሥራ እየሠራ ነበር። በነገራችን ላይ ረጅሙ ፀጉር በዝርያው ውስጥ ለብዙ ዘመን እንደ ጉድለት ሲቆጠር ቆይቶ በዓለም አቀፉ መስፈርት ተቀባይነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ዋጋ የሚያስጨምረው ያው የትናንቱ ጉድለት ነው። ማርኬቲንግ እንዲህ ነው።

ወደ ማበጠሪያው እንመለስ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ። ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ከሌላችሁ ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ አትውሰዱ፤ ይህን የምለው ለእናንተም ለውሻውም ብዬ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች እንዲህ ያለ ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ በጅምላ ይረግፍና በመሐል ትንሽ ፋታ ይሰጣል። ፀጉሩ እንዲረግፍ ምልክት የሚሰጠው በዋናነት የቀኑ ርዝመት መለዋወጥ ነው። ፎገራ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ መርገፉ ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ ቢቀጥል አይድነቃችሁ።

አበጣጠሩን ለማስረዳት ከፀጉር ቤት የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች ፀጉሩን እንዴት እየከፈሉ እንደሚይዙት አይታችኋል? ከላይ አያንሸራትቱም፤ በማበጠሪያው ጫፍ መስመር ያወጣሉ፤ የራስ ቅሉ ቆዳ ይታያል። ውሻም እንደዚያ ነው። በአንድ እጃችሁ ፀጉሩን ወደ ላይ ገልብጣችሁ ያዙ፤ ቆዳው በቀጭን መስመር ሲታይ ከዚያ ጀምራችሁ ወደ ጫፉ አበጥሩ። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ ሌላ መስመር ክፈቱ። ብዙ ሰው ከላይ ከላይ ብቻ አበጥሮ ውሻው ያማረ ይመስለዋል፤ ገሳው ለስልሶ ጋቢው ከሥር እንደ ምንጣፍ ተጣብቆ ይቀራል። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ አንድ፣ ጥርሱ ጠበቅ ያለ አንድ፣ ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው ብሩሽ አንድ ይበቃል። የእህቴ ቤት የሽቦ ብሩሹ ከአዲስ አበባ እስኪላክላቸው ድረስ በእንጨት ሚዶ ነበር የሚሠሩት፤ ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል።

ቋጠሮ የሚጀምረው ሁልጊዜ በተደበቁ ቦታዎች ነው። ከጆሮ ኋላ፣ ብብቱ ሥር፣ አንገት ማሰሪያው የሚያርፍበት፣ የኋላ እግሮቹ መሐል፣ ጭራው ሥር። እነዚህን አምስት ቦታዎች በየቀኑ በጣታችሁ ብቻ ዳስሱ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትንሽ ቋጠሮ ካገኛችሁ በማበጠሪያ አትጎትቱ። የበቆሎ ስታርች ቆንጠር አድርጋችሁ ነስንሱበት፤ በጣታችሁ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ እየለያያችሁ ፍቱት። እምቢ ካለ ብቻ ማበጠሪያውን በቆዳውና በቋጠሮው መሐል አስገቡና ከማበጠሪያው በላይ በመቀስ ቁረጡ። ማበጠሪያ ሳያስገቡ መቀስ ማስጠጋት ግን በፍጹም አይሆንም። የውሻ ቆዳ ቀጭን ነው፤ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሣ ፀጉር የቆረጣችሁ መስሏችሁ ቆዳ ትቆርጣላችሁ።

አሁን ወደ ጭቃው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎፈሬ ከሜዳ ሲመለስ እስከ ሆዱ ድረስ ጥቁር ነው። የመጀመሪያው ስሜታችሁ በባልዲ ውኃ ማልበስ ይሆናል። ተውት። ጭቃው በውኃ ሲረጥብ ወደ ጋቢው ይገባል፤ ያለው ቋጠሮም ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መዳፉንና እግሩን ብቻ አለቅልቁ፤ ቀሪውን በደረቅ ቦታ አስራችሁ አድርቁት። የፎገራ ጭቃ ሲደርቅ ይፈረፈራል፤ ግማሹ በራሱ ይወድቃል፤ ግማሹን ብሩሹ ያወጣዋል። ሙሉ ገላ መታጠቢያ በሁለት ወር አንዴ ይበቃል፤ ሁልጊዜም ከተበጠረ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። ሳሙናው ላይ ጠንቀቅ በሉ። የእኛ ቆዳ አሲድነት አለው፤ የውሻ ቆዳ ወደ መካከለኛው የቀረበ ነው። ስለዚህ የእኛ ሻምፑ ለእሱ አይመቸውም፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ደግሞ ጭራሽ ቆዳውን አድርቀው ያሳክኩታል። ለውሻ የተሠራ ሻምፑ ካጣችሁ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሻላል። «ለእኛ ፀጉር የሚበጅ ለእሱም ይበጃል» ብሎ ቅቤ የቀባ ሰው አጋጥሞኛል። ውሻው ሲልሰው ዋለ፤ ቀሪው ላይ የመንደሩ ዝንብ ሰፈረበት።

ካጠባችሁ በኋላ እስከ ቆዳው ድረስ አድርቁት። ከላይ ደርቆ ከሥር የረጠበ ጋቢ ይሸታል፤ ቆዳውንም ያቆስላል። ፎን ካላችሁ በትንሹ ሙቀት፣ ከራቅ አድርጋችሁ። መብራት ከሌለ ፎጣና የረፋድ ፀሐይ። የክረምት ማታ ላይ ግን አትጠቡት።

ከመስከረም በኋላ ደግሞ ጭጎጎት አለ። ልብስ ላይ የሚጣበቀውን ፍሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሻ ላይ ሲሆን ግን ከመጣበቅ አልፎ ይጓዛል። ጫፉ የሾለ የሣር ፍሬ በጣቶች መሐል ገብቶ ቆዳ ይበሳል፤ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ከሜዳ በተመለሰ ቁጥር በመዳፉ ጣቶች መሐል ያለውን ረጅም ፀጉር በመቀስ ከመዳፉ እኩል አድርጋችሁ ከርክሙት፤ ይህ ብቻ ነው ያለ ሐኪም ምክር መቀስ የሚነካው። ጭንቅላቱን እያራገፈ ጆሮውን የሚያክ ከሆነ ወይም አንድ እግሩን ያለማቋረጥ የሚልስ ከሆነ ፈልጉ። ከኩሬ የሚጠጣ ከሆነም አፉንና አፍንጫውን እዩት፤ አልቅት ከብት ብቻ አይመርጥም።

አንድ የቤት ጉዳይ ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። የእህቴ አማት አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ውሻ ጠልተው አይደለም፤ ግቢ መጠበቁን ይወዱለታል። ነገር ግን አንድ እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን ሲያነሡ ሙሉ በሙሉ ወርቅማ ፀጉር ለብሶ አገኙት። «ይህን የውሻ ጠጉር ተከናንቤ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሳለም?» አሉ። ልክ ናቸው። የቤተሰቡ ስምምነት ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆነ፤ ማበጠር ከግቢው ጥግ ከአጥሩ ሥር ብቻ፣ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ በፍጹም አይበጠርም፣ የእማማ ነጠላ የሚቀመጠው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው። በብዙ ቤት ከውሻው ጋር የሚያጣላው ውሻው ራሱ አይመስለኝም፤ የሚበጠርበት ሰዓትና ቦታ አለመወሰኑ ነው።

እስካሁን ካልኳችሁ አብዛኛው ቢበላሽ ውሻው ያስቀይማል እንጂ አይሞትም። ቀጥሎ ያለው ግን ሊገድለው ይችላል። ረጅም ፀጉር መዥገር ይደብቃል። ለዚህም ነው እስከ ቆዳው ድረስ ማበጠሩ የሚያስፈልገው፤ ማበጠሪያው የማያገኘውን ጣት ያገኘዋል። ያገኛችሁትን መዥገር በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ነጭ ጋዝ አታፍስሱበት፤ በጣታችሁም አትጨፍልቁት።

አንድ ሁለት ሲሆን ይህ ይበቃል። ሃያ ሠላሳ ሲሆን ግን ሰው ወደ መድኃኒት ይሄዳል። ፎገራ የከብት አገር ነው፤ የከብት መድኃኒት በእጅ ያለ ነገር ነው። ለሽንኩርትና ለሩዝ የተረፈ ፀረ ተባይም ከጓዳ አይጠፋም። ፀረ ተባዩን ውሻ ላይ መርጨት መርዝ ማልበስ ነው። ረጅሙ ፀጉር ይይዘዋል፣ ውሻው ይልሰዋል፣ ልጆቹ ያቅፉታል። የከብቱ መርፌ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አይቨርመክቲንን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሰው መድኃኒትነቱ ነው፤ ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በሽታ የሚታደለው ሜክቲዛን እሱ ነው። ያገኙት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የወሰዱበት ትልቅ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከብት ላይ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ኮሊ የሚባሉት ባለ ረጅም ፀጉር የበግ ውሾች ሲወስዱት እየተንገዳገዱ ይወድቁ፣ ራሳቸውን ይስቱ፣ ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። በአብዛኛው ውሻ አንጎል ላይ መድኃኒቱን ገፍቶ የሚመልስ እንደ ዘበኛ ያለ ፕሮቲን አለ። በእነዚህ ውሾች ላይ ያንን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ተበላሽቷል፤ በሩ ያለ ዘበኛ ነው። ችግሩ ከኮሊዎች በአብዛኞቹ፣ ከአውስትራሊያ ሼፐርዶች በብዙዎቹ፣ ከጀርመን ሼፐርዶች ደግሞ በጥቂቶቹ ላይ ይገኛል። የትኛው ውሻ እንዳለበት በዓይን አይታወቅም።

ቁጥሩን አስቡት። የከብቱ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለው፤ ይህም 50 ኪሎ ለሚመዝን ከብት የተሰላ ነው። ጎፈሬ 35 ኪሎ ነው። አንድ የሰፈር ሰው «ሁለት ሚሊ ውጋው፣ መዥገሩ ይረግፋል» ብሎ መክሮ ነበር። ያ ማለት በክብደቱ ሲሰላ ለከብት ከሚሰጠው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ዘበኛ የሌለው ውሻ ደግሞ ለከብት ከሚሰጠው መጠን ግማሹ እንኳ ሊጎዳው ይችላል። የእህቴ ባል መርፌውን ይዞ ሊወጋ ሲል ነበር የደወለው፤ ደግነቱ ደወለ። እንዲህ ያለ ውሻ በአይቨርመክቲን የታከመ ከብት ወይም ፈረስ ፋንድያ በልቶ የተመረዘበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የጎረቤት ከብት በተወጋ ሰሞን ውሻውን በረት አካባቢ አትልቀቁት። ምራቁ ከበዛ፣ የዓይኑ ብሌን ከሰፋ፣ ከተንገዳገደና ከተንቀጠቀጠ ነገ እንየው አይባልም። ለመዥገር ለውሻ ተብለው የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ በክብደቱ ልክ ሐኪም ይዘዝለት። ከወረታ ባሕር ዳር ቅርብ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። መንገዱ በማይመችበት ጊዜ ቢያንስ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ።

ማበጠር የልጆች ሥራ እንዲሆን እወዳለሁ። የአሥራ አንድ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከሁላችንም የተሻለ ታበጥራለች፤ ቁስልም መዥገርም መጀመሪያ የምታገኘው እሷ ናት። ነገር ግን ልጅ ሲያበጥር ፊቱ ከውሻው አፍ አንድ ክንድ አይርቅም። ስለዚህ አዋቂ አጠገቡ ይኑር፤ ውሻው ሲበላና ሲተኛ አይበጠር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር፣ የራሳችሁ ውሻም ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ።

ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ብቻ ከፈለጋችሁ የአገራችን ውሻ ፀጉሩ አጭር ነው፤ በሳምንት አንዴ በረጠበ ጨርቅ ይወለወላል፤ ጭቃው በራሱ ይረግፍለታል። በምኖርበት ሰፈር እንዳየሁት ሌባም የሚፈራው ከጎፈሬ ይልቅ እሱን ነው። ረጅሙን ፀጉር ካለ እሱ አይሆንልኝም የምትሉ ደግሞ ቡችላውን በፎቶ አትግዙ፤ ሂዱና እዩት። እናቱን አሳዩኝ በሉ። ጣታችሁን ከጆሮዋ ኋላ አስገቡ፤ ቋጠሮ ካገኛችሁ ያ ቤት እንዴት እንደሚይዛቸው ገብቷችኋል። የክትባት ካርዱን ጠይቁ። ለመዥገርና ለትል ምን እንደተሰጠው፣ የማን መድኃኒት እንደሆነ በስሙ አስነግሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።